ኦቦ ደበላን የገደልኩበት ፊልድ

ሰው ሲኩራራ አልወድም። እኔ ስኩራራ ግን ምንም አይመስለኝም፤ እንዲያውም ያምርብኛል። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ጥፋቴን ልናዘዝ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። ጥፋቱማ አለ፤ ሰው ሞቶበታል። ከጥፋቱ ወዲያ የሆነውን ሳስበው ግን ዛሬም በአምቦ ዋና መንገድ ላይ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። ባጃጆች ከኋላዬ ጥሩምባ እየነፉ መንገድ እስኪያስለቅቁኝ ድረስ።

የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። አምቦ ውስጥ የድሮ የመሬት ይዞታ ፋይሎች የሚቀመጡበት አንድ መሥሪያ ቤት አለ በሉ፤ ስሙን ተዉት። እዚያ ፋይል የሚያገኙልን እትዬ አስካለ ነበሩ። እትዬ አስካለ ዕድሜያቸውን ሙሉ እነዚያን ፋይሎች ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው ሴት ናቸው። ባለጉዳይ መጥቶ ስሙን ሲነግራቸው ስሙን አይሰሙትም፤ ፊቱን ነው የሚያዩት። «የነማን ልጅ ነህ? አሃ፣ የዚያ ከወንድሙ ጋር የተካሰሰው!» ይሉና ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች ሁለተኛው ረድፍ፣ ገመዱ የተበጠሰው ፋይል ብለው ይልኩናል። ፋይሉ እዚያው ይገኛል። እኔ በዚህ እበሳጭ ነበር። ሥራ እንዲህ ይሠራል እንዴ? እትዬ አስካለን ጉንፋን የያዛቸው ቀን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይታመማል።

ታዲያ ፋይሎቹ ሁሉ ስካን ተደርገው ኮምፒውተር ውስጥ ይግቡ ተባለና ሲስተም መጣልን። ለሥልጠና አንድ ሰው አዳማ ይሂድ ተባለ። የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ የዚያን ቀን ስብሰባ ላይ ስለነበር ነው የሚሉ አሉ፤ ሰው ምን የማይለው አለ።

አሠልጣኙ «ሜታዳታ» ሲል እኔ ማስታወሻዬ ላይ «ሜዳ ዳታ» ብዬ ጻፍኩ። የመሬት መሥሪያ ቤት ስለሆንን ለእኛ ብለው ያዘጋጁት መስሎኝ ልቤ ተነካ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወረቀት ስካን ተደርጎ ሲገባ ፎቶ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ፣ የየት ቀበሌ እንደሆነ ኮምፒውተሩ አያውቅም። ስለዚህ ከጎኑ የሚሞሉ ባዶ ሳጥኖች አሉ፤ ስም፣ ወረዳ፣ ቀን። በኋላ ፋይሉን የምታገኙት በነሱ ነው። ሳጥኖቹን ፊልድ ይሏቸዋል። ሲስተሙ ከነተፈጥሮው ይዟቸው የመጣ ጥቂት ፊልዶች አሉት፤ የቀሩትን መሥሪያ ቤቱ እንደ ጠባዩ ራሱ ይፈጥራል። መፍጠር የሚችለው የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው ነው። የይለፍ ቃሉ የተሰጠው ለእኔ ነው።

ሃያ ስድስት ፊልድ ፈጠርኩ።

አትሳቁ። እናንተም ብትሆኑ ትፈጥሩ ነበር። አንዱን ስትጨርሱ ሌላው ይመጣል። የፋይሉ ሽፋን ቀለም። የገመዱ ሁኔታ። ባለጉዳዩ ቁጡ ነው፣ አይደለም። ሁሉንም ደግሞ ግዴታ አደረግኳቸው፤ ግዴታ የሆነ ፊልድ አጠገቡ ቀይ ኮከብ ይወጣል፤ እሱ ካልተሞላ ሲስተሙ ፋይሉን አልቀበልም ይላል። ስክሪኑ እንደ በዓል ዋዜማ በከዋክብት አሸበረቀ።

ኃላፊያችን ኦቦ ለሜሳ ሊጎበኙ መጡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንዱ ሳጥን ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ፋይሉን አይጥ በልቶታል ወይስ አልበላውም የሚል ነው፣ ኦቦ።»

«ግዴታ ይሞላል?»

«ግዴታ ነው። ኮከብ አለው።»

«በከፊል የበላውስ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። እዚያው ቆመው ሳለ ሦስተኛ ምርጫ ጨመርኩላቸው። «ሥልጠናው ጠቅሞሃል» ብለው ሄዱ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ጠግቤ ነበር።

ከሃያ ስድስቱ ሁሉ የምወደው ግን «የባለይዞታው ሁኔታ» የሚለውን ነው። ሰውየው አለ ወይስ ሞቷል? ለወራሾች ጉዳይ ይህን የመሰለ ጠቃሚ ነገር የለም። የመሥሪያ ቤታችን ቋንቋ ኦሮምኛ ነውና ሁለት ምርጫ አስቀመጥኩ፤ «ጅራ»፣ ማለትም አለ፣ እና «ዱኤ»፣ ማለትም ሞቷል። ሥርዓት ስለምወድ ምርጫዎቹን በፊደል ተራ ደረደርኳቸው። ኦሮምኛ በሚጻፍበት በላቲኑ ቁቤ ዲ ከጄ ይቀድማል፤ ዱኤ አንደኛ፣ ጅራ ሁለተኛ ሆኑ። በአማርኛም ቢሆን ያው ነው፤ ሟች የሚለው በሕይወት ያለ ከሚለው ይቀድማል። ሞት በሁለቱም ፊደል ፈጣን ነው።

እትዬ አስካለ በትከሻዬ በኩል አይተው «ምነው ዱኤን አስቀደምከው?» አሉኝ።

«በፊደል ተራ ነው እትዬ።»

«እግዚአብሔር እንኳ በፊደል ተራ አይጠራም» አሉና ወደ መደርደሪያቸው ተመለሱ። እኔም ቴክኖሎጂ የማይገባቸው ሰው ብዬ አዘንኩላቸው።

አዳማ ላይ ያልነገሩኝ፣ ወይም ነግረውኝ ያልጻፍኩት አንድ ነገር ነበር። ግዴታ የሆነ ሳጥን ምርጫዎች ካሉት፣ ሰው እስኪነካው ድረስ ሲስተሙ ራሱ አንደኛውን ምርጫ ሞልቶ ይጠብቃል። ሁለቱ ጸሐፊዎቻችን ሃያ ስድስት ኮከብ ሲያሳድዳቸው ስለሚውል፣ አንዱ ሳጥን ቀድሞ ተሞልቶ ሲያገኙት ጌታን አመስግነው ያልፉታል። የሚያውቁት ሰው ፋይል ሲሆን ብቻ ቆም ብለው ያስተካክላሉ። እኔ ደግሞ በዚህ ላይ አንድ ጥበብ ጨመርኩ። ለባለጉዳይ የሚሰጠውን ማረጋገጫ ደብዳቤ ከፊልዶቹ ጋር አገናኘሁት። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ደብዳቤው ራሱን በራሱ ይጽፋል፤ ስሙን ከስም ሳጥን፣ ቀበሌውን ከቀበሌ ሳጥን፣ ሁኔታውን ከሁኔታ ሳጥን እየለቀመ። ኦቦ ለሜሳ ክምር አድርገን ስንወስድላቸው ክምር አድርገው ይፈርማሉ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሠራን። ወረፋ ጠፋ። ሰው አመሰገነን።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ረጅም ካፖርት የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ።

«አባቴ፣ ይግቡ» አልኩ። «ማን ልበል?»

«ሟች ደበላ» አሉኝ።

ቀልደኛ ሰው መሰሉኝና ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከካፖርታቸው ኪስ አንድ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የእኛ ደብዳቤ ነው፤ የእኛ ማኅተም፣ የኦቦ ለሜሳ ፊርማ። በደንዲ ወረዳ የሚገኘው መሬት የሟች ኦቦ ደበላ ይዞታ መሆኑን እናረጋግጣለን ይላል።

ለኦቦ ደበላ ወንበር ሳብኩላቸውና ሁሉንም ነገሩኝ። ጎረቤታቸው በያመቱ ሲያርስ አንድ አንድ ትልም እየገፋ ወደ እሳቸው ገብቷል። ታግሠው ታግሠው ሲያቅታቸው ጊንጪ ፍርድ ቤት ከሰሱት። ይዞታቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት አምጡ ተባሉና ከእኛ ወስደው፣ ማንበብ ስለማይችሉ፣ እንደታጠፈ ለችሎት ሰጡ። የጎረቤቱ ጠበቃ ተነሥቶ አነበበው። ከሳሽ በሕይወት የለም፣ መዝገቡ ይዘጋልኝ አለ። ዳኛዋ መሥሪያ ቤቱ እስከ ሐሙስ ያብራራ ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

«ስንወጣ ጎረቤቴ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ ልጄ?» አሉ ኦቦ ደበላ። «ነፍስ ይማር አለኝ። በፊቴ።»

ደብዳቤውን እንደገና አነበብኩት።

«ሚስቴ መጀመሪያ ሳቀች። ኋላ ግን ወረቀቱን አየችና አለቀሰች። ማኅተም አለው ብላ። እኔ ሦስት ሴቶች ልጆች ናቸው ያሉኝ። ዛሬ አለሁ እያልኩ መሬቴን ካልጠበቅሁ፣ እውነት የሞትኩ ዕለት ማን ይሰማቸዋል?»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ኦቦ ደበላ፣ ዱኤ። ከሥራቸው ያለው፣ ዱኤ። ከሱ በታች፣ ዱኤ። ወደታች እየወረድኩ ስሄድ የምዕራብ ሸዋ ሰው በሙሉ ያለቀ መሰለኝ። ሆኖም ቶሎ ገባኝ፤ በዚያም በልቤ ኮራሁ። ቀላል ነው፣ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው! የይለፍ ቃሌን አስገብቼ ጅራን አንደኛ፣ ዱኤን ሁለተኛ አደረግኩና አስቀመጥኩ። ኦቦ ደበላን ከፈትኩ፤ ጅራ! በሰባት ሰከንድ ውስጥ ሰው አስነሣሁ። አዲስ ደብዳቤ አትሜ ወደ ኦቦ ለሜሳ ቢሮ ሮጥኩ።

ኦቦ ለሜሳ እስክርቢቶ እንዳነሡ አንዲት ሴትዮ ሳታንኳኳ ገባች። ወይዘሮ ዲንቂቱ ትባላለች፤ የአባቷን ውርስ ልትጨርስ መጥታ ጸሐፊዎቹ ያኔውኑ ደብዳቤ አትመው ሰጥተዋታል።

«ጌቶች» አለች ወረቀቱን ከፍ አድርጋ፣ «አባቴ አሉ ይላል። እኛ ከቀበርናቸው ሦስት ዓመት አልፏል። ካሉ እሰየው፤ ግን የት እንዳሉ ንገሩኝ። የምጠይቃቸው ብዙ ነገር አለኝ።»

ኦቦ ለሜሳ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ሲስተሙ የሚያስታውሰው ቃሉን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ። ቃሎቹን ሳለዋውጥ ቁጥሮቹ ባሉበት ቀሩ። ስለዚህ ዱኤ የነበረው ሁሉ ጅራ ሆነ፤ በአጋጣሚ በትክክል ሞቶ የነበረውም ጭምር።

«ጅራ የነበረውስ?» አሉ ኦቦ ለሜሳ ቀስ ብለው። «እስቲ የኔን ክፈት።»

የሳቸውን የመሬት ፋይል ጸሐፊዎቹ አለቃቸው ናቸውና ተጠንቅቀው ነበር የሞሉት። ከፈትኩ። ቢሮው ጥግ ያለውን ኮምፒውተር ስክሪን ወደሳቸው ላዞረው አልፈለግኩም፤ እሳቸው ግን ዞረው መጡ።

ዱኤ።

ወይዘሮ ዲንቂቱም አንገቷን አስግጋ አየችና «ኧረ እግዜር ያጥናዎት» አለች፤ ከልቧ ይሁን ከአሽሙር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኦቦ ለሜሳ እስክርቢቷቸውን ከደኑ። «ከዚህ ማሽን በሚወጣ ወረቀት ላይ አልፈርምም» አሉ። «ያለውም የሌለውም፣ እያንዳንዱ ሰው በሰው አፍ ተረጋግጦ ይምጣ። ያኔ እፈርማለሁ። ሐሙስ ደግሞ ጊንጪ ሄደህ አንተ ራስህ ታስረዳለህ።»

ኦቦ ደበላ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ወጥቼ ወረቀቱ ዛሬ አይደርስም፣ ሐሙስ ጠዋት ግን እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ አልኳቸው። «እንግዲህ እስከዚያ ላለመሞት እሞክራለሁ» ብለው ተነሡ። በዚያች ንግግራቸው ውስጥ ምንም ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ማለዳ እትዬ አስካለ ፊት ቆምኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ «ተቀመጥና ስልክህን አውጣ» ብለው ቆረጡት።

መጀመሪያ ግን ፊልዱን አስተካከልኩ። አንደኛውን ምርጫ ባዶ አደረግኩት፤ ሰው በእጁ ካልመረጠ ሲስተሙ በራሱ ማንንም እንዳይገድል፣ ማንንም እንዳያስነሣ። ከዚያ ሦስት አዲስ ፊልዶች ጨመርኩ፤ «ማን አረጋገጠ»፣ «መቼ»፣ «እንዴት»። ከቀድሞዎቹ ሃያ ስድስት ውስጥ አሥራ ስምንቱን ሰረዝኩ። የአይጧንም፣ እያዘንኩ። ዛሬ ከሌሎች ከተሞች መሥሪያ ቤቶች መጥተው የሚቀዱት እነዚያን ሦስቱን ነው። ሲቀዱ አጠገባቸው ቆሜ ምንም አልናገርም፤ ዝም ብዬ እሳላለሁ።

ከዚያ መደወል ጀመርን። የገቡት ፋይሎች መቶ ሰማንያ ያህል ናቸው። እኔ ጥያቄውን በመሥሪያ ቤት አጻጻፍ አዘጋጅቼው ነበር፤ «ሉቡን ጅርቱ?» በሕይወት አሉ ወይ? የመጀመሪያው ሰውዬ ተራግሞ ዘጋብኝ። ሁለተኛው «ማነው የላከህ?» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሦስተኛዋ ሴትዮ ምን ሰማችሁ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

እትዬ አስካለ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። አራተኛውን ደወሉ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?»

አያችሁ፣ እንዴት ናችሁ ለማለት በኦሮምኛ እንዴት አላችሁ ነው የሚባለው። ከልጅነቴ ጀምሮ በቀን ሃምሳ ጊዜ የምለው ሰላምታ ነው።

«ጅራ! ጅራ! ገለታ ዋቃ!» ብሎ ፈጣሪውን አመሰገነ ከዚያኛው ወገን አንድ ወፍራም ድምፅ።

«ጻፍ» አሉኝ እትዬ አስካለ። «አለ። በራሱ አንደበት።»

እንዲህ ቀጠልን። ስልክ የሌላቸውን እሳቸው ከትዝታቸው ያወጣሉ። «እሷን ጻፍ፣ ሞታለች፤ ለቅሶ ደርሻለሁ።» «እሱም ሞቷል፤ ጴንጤ ነበር፣ ቀብሩ ላይ መዘምራኑ ሲዘምሩ ከአጥር ውጭ ቆሜ አልቅሻለሁ።» «ይሄን ተወው፣ ባለፈው እሑድ ታክሲ ውስጥ ተጋፍቶኛል፤ አለ።» እንጭኒ ላሉት ደግሞ ገበያ ውስጥ ቅቤ ለምትሸጥ ወዳጃቸው ደወሉ። ሴትዮዋ ስልኩን እንደያዘች ገበያው መሀል ቆማ ስሞቹን አንድ በአንድ በጩኸት ጠራች። ከወዲያም ከወዲህም «ጅራ!» «ጅራ!» የሚል ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይመጣል፤ እኔ እጽፋለሁ። አንዱ ስም ሲጠራ ገበያው ዝም አለ። «እሱስ አርፏል» አለች ሴትዮዋ። እትዬ አስካለ አማተቡ። ዱኤ የምትለዋን ቃል ትርጉሟ ገብቶኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኳት ያኔ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨረስን። ኦቦ ለሜሳ ዝርዝሩን ከላይ እስከታች አነበቡ፤ ሲያነቡ ያየኋቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነው። የራሳቸው ስም ላይ ሲደርሱ ከጎኑ «ማን አረጋገጠ» የሚለው ውስጥ «እትዬ አስካለ» ይላል፤ «እንዴት» የሚለው ውስጥ «ሲቆጡ ሰምቼ»። ፈረሙ።

ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ጊንጪ ሄድኩ። ማኅደሩን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ረዳቱ ጭንህ ላይ አስቀምጠው እያለኝ፣ እምቢ ብዬ። ችሎቱ ሞልቷል፤ የሞተ ሰው ከስሶ ይቀርባል ተብሎ ከየቀበሌው የመጣ አለ። ኦቦ ደበላ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ ዱላቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉልኝ።

ዳኛዋ ደብዳቤውን አንብበው ቀና አሉ። «ሰውየውን ሟች ያሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ ክቡር ፍርድ ቤት። ሆን ብዬ ግን አይደለም፤ በፊደል ተራ ነው።»

ችሎቱ በሳቅ ተናወጠ። ዳኛዋ ጸጥታ አሉና እንዳስረዳ አዘዙኝ። እኔም አስረዳሁ። አዳማ ላይ ካሠለጠነኝ ሰውዬ አሻሽዬ አስረዳሁ፤ ሳጥኑን፣ ኮከቡን፣ አንደኛና ሁለተኛውን፣ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የእኔ መሆኑን። ይህችን የመጨረሻዋንም ተናገርኳት።

የጎረቤቱ ጠበቃ ብድግ አለ። «ትናንት ሞቷል ያለ መሥሪያ ቤት ዛሬ አለ ቢል በምን እናምነዋለን?»

ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። ገጹን አውጥቼ አነበብኩለት። «ማን አረጋገጠ፣ ባለይዞታው ራሳቸው። መቼ፣ ማክሰኞ ጠዋት። እንዴት፣ በአካል ቀርበው።» ጠበቃው ወደ ኦቦ ደበላ ዞረ። ኦቦ ደበላ ተነሥተው ቆሙ፤ ረጅም ሰው ናቸው፣ ቆመው አላለቁም። ጠበቃው ተቀመጠ።

መዝገቡ ቀጠለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው የእኛ ፋይል ውስጥ ባለው የድሮ ልኬት መሠረት መሬቱ ተለካና የተገፉት ትልሞች ለኦቦ ደበላ ተመለሱ። የዚያን ሰሞን ስልክ ደወሉልኝ። «ና፣ እይ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ሄድኩ። ይህን ሁሉ ዓመት በምሥራቅ ከእገሌ፣ በምዕራብ ከወንዝ ይዋሰናል የሚል ወረቀት ሳገላብጥ ኖሬ፣ አንዱንም በእግሬ ረግጬው አላውቅም ነበር። ጤፉ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ኦቦ ደበላ በዱላቸው ድንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳዩኝ፤ ሦስቱ ሴቶች ልጆቻቸው ከኋላ ይከተሉናል። ወንዙ እውነትም ወንዝ ነው። ወረቀቱ ልክ ነበር።

ጎረቤቶቻቸው ተሰብስበው ሲያዩን ኦቦ ደበላ ትከሻዬን ያዙና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሞቼ ሳለሁ ከአምቦ ድረስ መጥቶ ያስነሣኝ ሰው ይህ ነው!»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ከላይ እስከታች አዩኝና ወደ ኦቦ ደበላ ዞሩ።

«ለመሆኑ ማን ነበር የገደለህ?»

ኦቦ ደበላ እኔን አየት አደረጉኝ። ዐይናቸው ጥግ ላይ ሳቅ ነበር።

«ኮምፒውተር» አሉ።

እኔም በታላቅ ሐዘን ራሴን ነቀነቅኩ።